በኮድቡር የቆመው ሰዓት

ድሬዳዋ፣ መጋላ
ጥቅምት 3 ቀን 1990 ዓ.ም.

ይድረስ ለማከብርዎ አጎቴ የሱፍ፤ ሀርጌሳ፣ ኮድቡር።

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካትሁ። ከሰፈሩ ሰው ሁሉ የተሰበሰበ ሰላምታ አለኝ፤ አንድ በአንድ ብጽፈው ወረቀቱ ስለማይበቃ ጠቅልዬ ልኬዋለሁ፣ እርስዎ ፈተው ይውሰዱት። እኔ በአላህ ፈቃድ ደህና ነኝ። ለእርስዎም ጤናውን፣ ለሥራዎም በረከቱን ያብዛልኝ።

ይህን ደብዳቤ የምታደርስልዎት ጎረቤታችን ኻዲጃ ናት፤ ያቺ በጂጂጋና በወጃሌ በኩል ጨርቅ የምታመላልሰው። በመቀነቷ ውስጥ የቋጠረችው ነገር የአባቴ ሰዓት ነው። አሁንማ የእርስዎ ነው። አባቴ፣ አላህ ይርሐመው፣ ሊሞት ሲል ኑዛዜው አጭር ነበር። የሰዓት መጠገኛ ሱቁ ለሱሀይላ፣ ሰዓቱ ለወንድሜ ለየሱፍ፣ ሱሀይላ ደግሞ ለየሱፍ አለ። በዚያ ሐዘን መሀል እንኳን ሳቅን።

ሰዓቱን መቼም አይረሱትም። የባቡር ኩባንያው ፈረንሳዊ መሐንዲስ ወደ አገሩ ሲገባ፣ ከእንግዲህ አይሠራም ብሎ ለአባቴ የተወለት የወርቅ የስዊስ ሰዓት ነው። አባቴ ስንት ዓመት ከፍቶ ሲዘጋው ኖረ፤ የቀረችውን ትንሽ ሥራ እኔ ጨረስኳት። በእጅ መሙላት አያስፈልገውም። ክንድ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ውስጡ የሚወዛወዝ ግማሽ ክብ ብረት አለ፤ ሞላውን የሚሞላው እሱ ነው። አናጢ እጅ ላይ ከዋለ እንቅልፍ የለውም። መዶሻው በቀኝዎ ስለሆነ ሰዓቱን በግራ እጅዎ ይሰሩት።

አንድ አደራ አለኝ። አባቴ ጠግኖ የሚሰጠውን ሰዓት ሁሉ፣ ባለቤቱ አድርጎት ከርሞ እንዲነግረው ያዝዝ ነበር፤ የጠረጴዛ ላይ ፈተና አያምንም ነበር። እኔም እንዲሁ ነኝ። ከሰዓት በኋላ የቢቢሲ ሶማሊኛ ሊጀምር ሲል ያቺን የሰዓት ምልክት ይስሙና፣ የመጨረሻዋ ድምፅ ስትወርድ ሰከንድ ቆጣሪው የት እንዳለ ይዩልኝ። ይቀድም እንደሆነ፣ ይዘገይ እንደሆነ ይጻፉልኝ። እኔም በዚያው ቅጽበት ሱቄ ውስጥ ሬዲዮዬን ከፍቼ ያንኑ ድምፅ እሰማለሁ። በሁለት ከተማ ሆነን አንድ ነገር እንሰማለን ማለት ነው።

ሌላው ጉዳይ ሙሰዓብ ነው። የባቡር ጣቢያው ፀሐፊ ሙሰዓብ፣ ሽማግሌ ልኮብኝ ነበር፤ እኔም ወድጄ እሺ ብያለሁ። አባቴ ከሞተ ወዲህ የሚድሩኝ ወሊዬ እርስዎ ብቻ ነዎት፤ ያለ እርስዎ ቃል ኒካሕ የለኝም። ዒድ አልፎ በሸዋል ወር ቢመጡልን ብለን አስበናል። መልስዎን በኻዲጃ እጅ እጠብቃለሁ።

ልጅዎ ሱሀይላ


ሀርጌሳ፣ ኮድቡር
ኅዳር 6 ቀን 1990 ዓ.ም.

ለወንድሜ ልጅ፣ ለልጄ ለሱሀይላ፤

ወዓለይኩሙ ሰላም ወረሕመቱላሂ ወበረካትሁ። የላክሽውን ሰላምታ ፈትቼ ወሰድኩ፤ የሰፈሩን ሁሉ ድምፅ ሰማሁበት፣ ያቺ ሁልጊዜ የምትጨቃጨቀውን ሴትዮ ሳይቀር። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። አላህ አንቺን ያቆይልኝ፤ ቤትሽ በሳቅ የሚከፈት፣ በዱዓ የሚዘጋ ይሁን።

ሰዓቱ ደረሰኝ። ኻዲጃ ከመቀነቷ ስትፈታው ይሄድ ነበር፤ መንገዱን ሁሉ በእሷ ሆድ ላይ ሲወዛወዝ ሞልቶ መጥቷል። መጀመሪያ ሳስረው አፈርኩ። የምሠራበት ሱሪ የተጣፈ ነው፣ እጄ ላይ ደግሞ ወርቅ። አብሮኝ የሚሠራው መውሊድ አይቶኝ፣ አቶ የሱፍ ሚኒስትር ሆኑ እንዴ ብሎ ሲያሾፍብኝ ዋለ። ግራ እጄ ሚስማር ይይዛል፣ ቀኜ ይመታል፣ ሰዓቱም ከመዶሻው ጋር አብሮ ይሠራል።

ስለ ሀርጌሳ ልንገርሽ። ይህ ከተማ ከእንቅልፉ የሚነሣ ሰው ይመስላል፤ አንድ ዓይኑን ገልጦ ሌላውን ገና ያሻል። በየግቢው ግድግዳ ቆሟል፣ ጣራ የለም። ሰው ግን ከጣራው በፊት በር ያዘኛል። መጀመሪያ ግራ ገብቶኝ ነበር። ጣራ የሌለው ቤት በር ምን ያደርግለታል ብዬ አንዱን ጠየቅሁት፤ እንግዳ ሲመጣ የሚያንኳኳው ነገር እንዲኖረው ነው አለኝ። ከዚያ ወዲህ አልጠይቅም። በር እሠራለሁ፣ አቆማለሁ፣ በበሩ ገብተሽ ቀና ስትይ ሰማይ ነው።

ባለፈው ሳምንት ሳህራ የምትባል ሴት ከሃያ ስድስት ጁን ሰፈር መጣች። ስትሰደድ ይዛው የወጣችውን የቤቷን ቁልፍ በስደተኛ ጣቢያ ስንት ዓመት አንገቷ ላይ አንጠልጥላው ኖራለች። ቤቷ ስትመለስ በሩ ከነመቃኑ ተዘርፏል። ለዚህ ቁልፍ በር ሥራልኝ አለችኝ። ለቁልፉ የሚስማማ ብረት በገበያው ሁሉ ፈልጌ አጣሁ። በመጨረሻ በእንጨቱ ላይ ለቁልፉ ልክ ቀዳዳ ፈልፍዬ ሰጠኋት። በሩ የሚዘጋው በመቀርቀሪያ ነው፤ እሷ ግን ማታ ማታ ቁልፏን አስገብታ ታዞራለች። ደስ ብሏታል።

ለሰዓቱ ጉዳይ እንምጣ። በየቀኑ ምልክቷን እሰማለሁ። ሻይ ቤቱ ውስጥ ሰው ሁሉ ዜናውን ለመስማት ጸጥ ሲል፣ እኔ ግን እጄን አያለሁ። በቀን ሁለት ሦስት ሰከንድ ይቀድማል፤ አንድ ቀንም አልዘገየም። ለአንድ ወር ከልቤ ተከታትዬ ነው የጻፍኩልሽ። ወንድሜ በአፉ ሊዋሽ ይችል ነበር፣ ስለ ሰዓት ግን አይዋሽም ነበር፤ እኔም በዚህ ነገር እሱን መስዬ መኖር እፈልጋለሁ።

ሙሰዓብን በተመለከተ፣ አንቺ ከወደድሽው እኔ ምን እላለሁ። በሸዋል እመጣለሁ፤ በሩን ለሌላ እየሠራሁ የልጄን በር ሌላ ሰው አይከፍትም። ሱሪዬንም እቀይራለሁ።

አጎትሽ የሱፍ


ድሬዳዋ፣ መጋላ
ታኅሣሥ 2 ቀን 1990 ዓ.ም.

ለማከብርዎ አጎቴ፤

አሰላሙ ዓለይኩም። ደብዳቤዎን ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ ሦስተኛውን ለሙሰዓብ ጮክ ብዬ። ስለ ሳህራ ቁልፍ ስደርስ ወረቀቱን ሰጠሁትና የቀረውን እሱ አነበበው። እኔ ደህና ነኝ፤ አላህ በእርስዎ ላይ ያለውን እጁን አያንሣ፣ በሚሠሩት በር ሁሉ ኸይር ይግባበት።

ሁለት ሦስት ሰከንድ መቅደሙ ለእንዲህ ያለ ሰዓት መልካም ነው። ግን አባቴ ቢኖር እሷንም አይተዋትም ነበር። ሰዓት እንደ አተኛኘቱ ይለያያል፤ በጀርባው ሲያድር ሌላ ነው፣ በጎኑ ሲያድር ሌላ። ሲተኙ ፈትተው መሙያዋ ወደ ላይ እንድትሆን በጎኑ ያስደግፉት። ቀን የቀደመውን ሌሊት ይመልሳል። ይህን አድርገው ውጤቱን ይጻፉልኝ፤ ሰዓቱን ግን ከፍቶ የሚነካው ሰው አይኑር፣ ለሠርጉ ይዘውት ሲመጡ እኔው አየዋለሁ።

አሁን ከሰዓት በኋላ ምልክቷ ስትሰማ ደንበኛ ፊቴ ቢቆምም መልስ አልሰጥም። ሰው ግማሽ አበደች እያለ ነው። ረመዳን እየደረሰ ስለሆነ ልብስ ማሰፋት ጀምሬያለሁ። ለእርስዎም ጀለቢያ አሰፍቼ አስቀምጫለሁ፤ ልክዎን ከአባቴ ልብስ ገምቼ ነው። የሚመጡበትን ቀን ብቻ ይጻፉልኝ።

ልጅዎ ሱሀይላ


ሀርጌሳ፣ ኮድቡር
ጥር 15 ቀን 1990 ዓ.ም.

ለልጄ ለሱሀይላ፤

ወዓለይኩሙ ሰላም። ረመዳኑን አላህ ይቀበልሽ። መልሴ ዘገየ፤ ይቅር በዪኝ። ስለ ሁሉም ነገር አልሐምዱሊላህ።

የዘንድሮ ዝናብ መንገዱን ጎድቶታል ይላሉ፤ ከወጃሌ ወዲህ መኪና ውሎ የሚያድርበት ቦታ አለ። ሥራውም አልለቅ ብሏል። በሸዋል መድረሴ ያጠራጥራል፤ ትንሽ ቢገፋ ሙሰዓብ ቅር አይለው ይሆን?

ሰዓቱ ቆሞ አገኘሁት። አንድ ቀን አይደለም፤ ሲነቀነቅ ይነሣል፣ ጥቂት ሄዶ ይቆማል። ሲሄድም ምልክቷ ላይ ይዘገያል እንጂ አይቀድምም። ከእጄ አልፈታሁትም፤ አልወደቀም፣ ውሃም አልነካውም። እንዲህ ነው ብሎ መጻፍ ከብዶኝ ነበር፣ ግን ያየሁትን ልጽፍልሽ ቃል ገብቻለሁ።

የቤት አከራዬ ኢስታሂል ደግ ሴት ናት፤ ለፍጥር ሾርባ ታመጣልኛለች። ከምቀመጥበት ቦታ የግቢው በር ይታየኛል። እኔ የሠራሁት ነው። ፀሐይ ስትጠልቅ በስንጥቁ የምትገባው ብርሃን ወለሉ ላይ ቀጭን መንገድ ትሠራለች፤ አዛኑ እስኪሰማ ድረስ በዓይኔ እሄድባታለሁ።

አጎትሽ የሱፍ


ድሬዳዋ፣ መጋላ
የካቲት 5 ቀን 1990 ዓ.ም.

ለማከብርዎ አጎቴ፤

አሰላሙ ዓለይኩም፣ ዒድዎ ሙባረክ ይሁን። እኛ አለን። አላህ መንገዱን ያቅና፣ የሚያውቀውን ይግለጥ፣ የሚጎዳውን ይያዝ።

ደብዳቤዎ በሁለት ነገር አስደነገጠኝ። የመጀመሪያው ሰዓቱ ነው። በአናጢ እጅ ላይ ያለ እንዲህ ያለ ሰዓት ሊቆም አይችልም። ቆመ ካሉኝ ጥፋቱ የእኔ ነው ማለት ነው። የሚወዛወዘው ብረት የሚዞርባትን ትንሽ ጥርስ የለወጥኳት እኔ ነኝ፤ ደብዳቤዎ ከደረሰኝ ወዲህ በሱቁ ስቀመጥ የአባቴ ወንበር አልመች ብሎኛል። እውነት ነው የምልዎት፣ ከአሁን በፊት የሠራኋቸውን ሰዓቶች ሁሉ መጠራጠር ጀምሬያለሁ።

ስለዚህ አንድ ፈተና ያድርጉልኝ። መሙያዋን እየጠመዘዙ እስኪጠግብ ይሙሉትና ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡት። አይነካ። ምን ያህል እንደሚሄድና ምልክቷ ላይ የት እንደሚገኝ ይዩ። በዚያ ጊዜ ከዘገየ ወይም ቶሎ ከቆመ ሕመሙ ውስጡ ነው።

ሁለተኛው ሸዋል ነው። መንገዱ ተበላሸ ይላሉ፣ ኻዲጃ ግን ትሄዳለች ትመጣለች፤ የሐረርጌ ጫትም ሀርጌሳ ሳይገባ የዋለበት ቀን የለም። ስለ መንገድ ስጠይቃት ኻዲጃ ስለ ጨርቅ ታወራኛለች። አጎቴ፣ ሙሰዓብን አልወደዱት ከሆነ ይንገሩኝ። ስለ ዘሩ ሰው የነገርዎት ነገር ካለም ይንገሩኝ። የሙሰዓብ እናት የሠርጉን ልብስ አጥፋ ሣጥን ውስጥ መልሳዋለች፤ እኔን ስታየኝም መንገድ ትቀይራለች። እኔን የሚጎዳኝ እምቢታ ሳይሆን አለማወቅ ነው።

የጽሕፈትዎ መስመር ደግሞ ወደ ዳገት መውጣት ጀምሯል። ቀጥ ያለ በር የሚያቆም ሰው እንዲህ ሲጽፍ ያስቃል ትልዎት ነበር እናቴ ብትኖር።

ልጅዎ ሱሀይላ


ሀርጌሳ፣ ኮድቡር
መጋቢት 2 ቀን 1990 ዓ.ም.

ለልጄ ለሱሀይላ፤

ወዓለይኩሙ ሰላም። አልሐምዱሊላህ ዓላ ኩሊ ሓል። አላህ ልብሽን ያሳርፈው።

በሙሰዓብ ላይ ምንም ቅሬታ የለኝም። ስለ ዘሩም ስለ ጠባዩም የሰማሁት ደጉን ብቻ ነው። ይህን በአላህ ስም እምልልሻለሁ፤ ከዚህ በኋላ ይህን ሐሳብ ከራስሽ አውጪው። ጠልቼው አይደለም።

ፈተናውን አደረግን። ኢስታሂል ይዛ እየጠመዘዘች ሞላችውና መስኮቱ ሥር አስቀመጥነው። ቀኑን ውሎ፣ ሌሊቱን አድሮ፣ የማግሥቱንም ምልክት ሰምቶ እስከ ማታ ድረስ ሄደ። አንድ ሰከንድ ያህል ቢቀድም ነው። ወንበርሽ ይመችሽ ልጄ፣ በሥራሽ ላይ እንከን የለም።

ሰሞኑን ብዙ ሕልም አያለሁ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሸለብ ሲያደርገኝ ወንድሜ መጣ። ማጉያ መነጽሩን ዓይኑ ላይ እንዳደረገ ሰዓቱን ከጀርባው ከፈተው። ውስጡ ጥርሶች አልነበሩም፤ የድሬዳዋው ወንዝ ደቻቱ ነበር፣ ዝናብ ሲመጣ እንደሚሞላው ሆኖ፣ በጣም ትንሽ ሆኖ የሚፈስ። እኔና እሱ ዳር ቆመን ልጆች ነን። ተሻገር አለኝ። እግሬን ላነሣ ስል ነቃሁ። ደስ የሚል ሕልም ነበር፤ ስነቃም አልከፋኝም፣ ከውጭ የመዶሻ ድምፅ ይሰማኝ ነበር። መውሊድ ጣራ እያለበሰ ነው።

ቀኑ እዚህ ረዥም ነው። ከምቀመጥበት ሆኜ ከተማው ሲሠራ እሰማዋለሁ፤ ቆርቆሮ ሲመታ፣ ድንጋይ ሲወርድ፣ ፍየል ስትጮኽ፣ እኩለ ቀን ላይ የጫቱ መኪና ጥሩምባ እየነፋ ሲያልፍ። በድምፁ ብቻ የትኛው ቤት የት እንደደረሰ ማወቅ ጀምሬያለሁ። ባለፈው ሳምንት ያልነበረ የበር ድምፅ ዛሬ ሲዘጋ ሰማሁ። የሳህራ ቤትም ጣራ ለብሷል አሉኝ።

ስለ ኒካሑ ያሰብኩት አለ። ወሊ ወኪል መወከል ይችላል፤ ሸሪዓው ይፈቅዳል። እዚያ ላለው ቃዲ ውክልና ጽፌ ልላክ። እሱ ይዳርሽ፣ እኔ ከዚህ ሆኜ አሚን እላለሁ። ነገሩ አይዘግይ፤ የሰው ልጅ ትዕግሥት ልክ አለው።

አጎትሽ የሱፍ


ድሬዳዋ፣ መጋላ
መጋቢት 20 ቀን 1990 ዓ.ም.

ለማከብርዎ አጎቴ፤

አሰላሙ ዓለይኩም። ስለ ሙሰዓብ ስለማሉልኝ አላህ ይስጥልኝ። ደረቴ ላይ የነበረው ድንጋይ ወረደ፤ በቦታው ግን ሌላ ተቀምጧል፣ ምን እንደሆነ ገና አላወቅኩትም።

ውክልናውን አይላኩ። ሸሪዓው እንደሚፈቅድ አውቃለሁ። የአባቴ ኑዛዜ ግን ሱሀይላ ለየሱፍ ነው ያለው፣ ለቃዲው አላለም። እጠብቃለሁ። ሙሰዓብም እጠብቃለሁ ብሏል። እናቱ ሌላ ልጅ እንድትፈልግለት ዘመዶቿ እየመከሯት እንደሆነ ሰምቻለሁ፤ ይህንንም ልደብቅዎ አልወድም።

አሁን አንድ የመጨረሻ ፈተና ቀርቶኛል። ሰዓቱ ተሞልቶ ጠረጴዛ ላይ ከሄደ ልቡ ጤነኛ ነው። እንግዲህ ሕመሙ ያለው በመሙላቱ ላይ ነው። የሚወዛወዘው ብረት አንዳንዴ ይይዘው ይሆናል። ሰዓቱን ለሌላ ሰው ይስጡት፤ መውሊድ ጥቂት ቀን እጁ ላይ ይሰረው፣ ጣራ እያለበሰ ይሥራበት። በእሱም እጅ ላይ ከቆመ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ይላኩልኝና እፈታዋለሁ። ካልቆመ ግን ምን እንደምል አላውቅም።

የዐረፋ ዒድ እየደረሰ ስለሆነ ሰዎች የሠርጌን ቀን ሲጠይቁኝ አጎቴ በር እየሠራ ነው እላቸዋለሁ። እየሠሩ ነው አይደል?

ልጅዎ ሱሀይላ


ሀርጌሳ፣ ኮድቡር
ሚያዝያ 12 ቀን 1990 ዓ.ም.

ለልጄ ለሱሀይላ፤

ወዓለይኩሙ ሰላም። አልሐምዱሊላህ።

መውሊድ ሳምንት ሙሉ አሰረው። አልቆመም። ምልክቷ ላይ እንደ መጀመሪያው ሁለት ሰከንድ ያህል እየቀደመ ተገኘ። ትናንት መልሶ እኔ እጅ ላይ አሰረልኝ፤ ዛሬ ከሰዓት በኋላ ቆሟል። ያየሁት ይህ ነው፣ አልጨመርኩም አልቀነስኩም።

ይህን ልተወው፣ በመውሊድ እጅ ላይ የሆነውን ብቻ ልጻፍላት ብዬ አስቤ ነበር። ብዕሬን አንሥቼ ቆየሁ። አልሆነልኝም። ወንድሜ ከበላይ የሚያየኝ መሰለኝ።

ሴት ልጅ የሚድር ሰው ሙሉ ሰው መሆን አለበት ብዬ አስባለሁ። ሽማግሌ ፊት ቀጥ ብሎ ገብቶ፣ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ፣ የሙሽራው ዘመዶች ዓይን ሳይሰብሩ የሚያዩት። ውክልናውን ተቀበዪኝ። ከዚህ በላይ አትጠይቂኝ ልጄ።

አጎትሽ የሱፍ


ድሬዳዋ፣ መጋላ
ሚያዝያ 25 ቀን 1990 ዓ.ም.

ለአጎቴ፣ ለአባቴ ወንድም፣ ለወሊዬ ለየሱፍ፤

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካትሁ። ዛሬ ስለ ጤናዎ እንደምን ነዎት ብዬ አልጠይቅም፤ አላህ ያሽርዎ ብዬ እጀምራለሁ።

ደብዳቤዎ የደረሰኝ ለት ሱቁን ዘግቼ ተቀመጥኩ። ሰዓቱ ጠረጴዛ ላይ ይሄዳል። መውሊድ እጅ ላይ ይሄዳል። እርስዎ እጅ ላይ ይቆማል። ሰዓት ጠጋኝ ሆኜ ይህን ካልተረዳሁ የአባቴ ወንበር አይገባኝም። የድሮ ደብዳቤዎችዎን ሁሉ ዘረጋኋቸው። ከጥር ወዲህ በአንዱም ላይ ደህና ነኝ ብለው አልጻፉልኝም፤ አልሐምዱሊላህ ብለው ያልፋሉ። ሰዓት ለመሙላት ሁለት እጅ ያስፈልጋል፣ የሞላችው ኢስታሂል ናት። ማሰሪያውንም ያሰረልዎት መውሊድ ነው። መስመሩ ወደ ዳገት የሚወጣው ወረቀቱን የሚይዝልዎት እጅ ስለሌለ ነው፤ እኔ ደግሞ ቀለድኩበት። የሚያዩት ነገር ሁሉ ከአንድ ቦታ ተቀምጠው የሚያዩት ነው።

ኻዲጃን ጠርቼ የግራ እጁ ነው ወይስ እግሩም አብሮ ነው አልኳት። አማና፣ ከባድ አደራ ተሸክሜ ነበር አለችና አለቀሰች። በረመዳን መግቢያ ላይ፣ በር ሲያቆሙ እንደወደቁ፣ ከዚያ ወዲህም ግራ ጎንዎ በሙሉ ሽባ እንደሆነ፣ ለእኔ እንዳትነግር ቁርኣን እንዳስያዟት ነገረችኝ። አይቆጧት። እኔ አውቄ ነው የጠየቅኋት።

ለምን እንደደበቁኝም ገብቶኛል። ብትሰማ ሠርጓን ትታ ሱቋን ዘግታ ልታስታምመኝ ትመጣለች፣ ልጁም ጠብቆ ጠብቆ ይሄዳል ብለው ነው። አልተሳሳቱም፣ አደርገው ነበር። ተናድጄብዎት ነበር፤ አንድ ቀን ሙሉ ተናደድኩ። በማግሥቱ ግን አንድ ነገር አሰብኩ። በቃል የፈለጉትን መደበቅ ሲችሉ ስለ ሰዓቱ አንድም ጊዜ አልዋሹኝም። ይሄዳል ብለው ቢጽፉልኝ ኖሮ እስከ ዛሬ አላውቅም ነበር። ምናልባት አንድ ሰው እንዲያውቅልዎት ፈልገው ይሆናል። ከሆነም አወቅኩልዎት።

ለሙሰዓብ ነገርኩት። ሰምቶኝ ሲጨርስ፣ ታዲያ እስካሁን እዚህ ምን እንሠራለን አለኝ። እናቱም ልብሱን ከሣጥን አውጥታለች። በኻዲጃ መኪና የፊታችን ሐሙስ እንነሣለን፤ ይህን ደብዳቤ ቀድሞ የሚያደርሰው የጫቱ መኪና ስለሆነ በሹፌሩ ልኬዋለሁ። ኒካሑ እዚያው ኮድቡር፣ እርስዎ የሚቀመጡበት ቦታ ላይ ይሆናል። ኢስታሂል ቃዲውን ትጥራልን። ምስክሮቹ መውሊድና እርስዎ የሚመርጡት ሌላ ሰው ይሁኑ። ከዚያ በኋላ እርስዎ ወደ ድሬዳዋ ይመጡ ወይስ እኛ ሀርጌሳ እንሰንብት፣ ፊት ለፊት ተቀምጠን እንነጋገርበታለን። እዚያም ሰዓት የሚያሠራ ሰው አይጠፋም። መሣሪያዬን ስለምይዝ፣ ሰዓትዎ በሌላው እጅ ላይ እንዲስማማ አስተካክልልዎታለሁ።

ውክልናውን አልቀበልም። ሴት ልጅ የሚድር ሰው ሙሉ ሰው መሆን አለበት ብለውኛል። አጎቴ፣ እኛ ዘንድ ኒካሕ ሲታሰር ምን እንደሚደረግ ረሱት? ወሊው ከሙሽራው ጋር እጅ ለእጅ ተያይዞ፣ በላዩ ጨርቅ ተጥሎበት፣ ልጄን ድሬልሃለሁ ይላል። የሚያያዙት በቀኝ እጅ ነው። የእርስዎ ቀኝ እጅ ደግሞ ክረምት ከበጋ ደብዳቤ ሲጽፍልኝ የቆየው እጅ ነው። ሙሰዓብ የሚመጣው እሱን ሊይዝ ነው።

ልጅዎ ሱሀይላ